ኒካዬ የጠበቀው አብራሪ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሳለን ነው። ያኔ ለትዳር የደረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ሰመራ ልጄ ዘንድ የምጦር አሮጊት ነኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄን ግን የሚያስታውሰኝ ሰው አይጠፋም። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ፊቷ በርቶ መጣችና ልጇ የአውሮፕላን አብራሪነት ፈተና ማለፉን ነገረችኝ። "ከእንግዲህ ጥቂት ወር ቢቆይ ነው" አለች። "ማሻአላህ" አልኳት። ያን "ጥቂት ወር" ስሰማ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አባቴ ከወሎ ወጥቶ አዋሽ የከተመው እኔ ሳልወለድ ነው። ከባቡር ጣቢያው ከፍ ብሎ፣ የአሰብ ከባድ መኪናዎችና የድሬዳዋ አውቶቡሶች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበረው። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች ማድቤቱ የኔ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም ትምህርት የሚሆንለት ልጅ ነበር። አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ጠረጴዛ ላይ ትቶት በሄደ ጋዜጣ ላይ የአብራሪነት ሠልጣኝ እንደሚፈለግ አነበበና አመለከተ። እኛ ቤት ሾፌር እንጂ አብራሪ ገብቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር።

አባቴ ስለ ሥልጠና የሚያውቀው የመኪናውን ነው። የሾፌር ረዳቶች "መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው" ብለው በእኛ በር አልፈው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ጥቂት ወር ቆይተው መሪ ጨብጠው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ይመለሳሉ። አውሮፕላንም ለእሱ ያው ነበር፤ እንዲያውም ይቀላል ብሎ ያምናል። "ሰማይ ላይ ገደል የለ፣ ድልድይ የለ፣ ግመል አይገባበት" ይላቸው ነበር ሾፌሮቹን። እነሱም "እውነትህን ነው ጋሽ ሁሴን" እያሉ ይስቃሉ።

የሚፈልገኝ ሰው ጀማል ይባላል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አዋሽ ጣቢያ የባቡር መካኒክ ሆኖ ተመድቦ ነው የመጣው። ምሳውን ሁልጊዜ እኛ ጋ ይበላል። ከሁሉም ጋር ሲጫወት ይውልና እኔ ሳህን ይዤ ስመጣ አቀርቅሮ ዝም ይላል፤ እንደሚፈልገኝ ያወቅሁትም በዚያ ነው። ኢብራሂም የጽሑፍ ፈተናውን ባለፈ በሳምንቱ ጀማል ሽማግሌ ላከ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ግጥምጥሞሽ ነው።

አባቴን ያን ሳምንት ደስታ አስክሮት ነበር። በመስጊዳችን ሼህ ኑሩ ፊት ሽማግሌዎቹን "ልጄን ሰጥቻለሁ" አላቸው። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ማንም ያልጠየቀውን ጨመረ። "ግን ወንድሟ ካፒቴን ሆኖ ይምጣና ከጎኔ ይቀመጥ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት ኒካዋን አላስርም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቀ።

"ከመንጃ ፈቃድ ቢበልጥ ትንሽ ነው" አለ አባቴ። "ጥጥ ለቃሚዎቹ ሳይመጡ ይጨርሳል።"

ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ሩዝ በሥጋ በልተው ሄዱ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ኢብራሂምን እወደዋለሁ፤ ለቀማውም ሩቅ አልነበረም። መሐላው ያን ጊዜ ጌጥ እንጂ ሸክም አልመሰለኝም።

በየዓመቱ ወደ አዋሽ እርሻዎች የሚመጡት ጥጥ ለቃሚዎች ከደጋ ወረዱ። በባቡርም በመኪናም መጥተው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተኝተው፣ የእርሻው መኪና ጭኗቸው ሄደ። ኢብራሂም ግን ገና ለሌላ ፈተና እየተጠራ ነበር። አንዱን አልፎ ይመጣል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠራል። አንዴ እጅና እግሩን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ መሣሪያ ላይ አስቀመጡት። አንዴ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ጥያቄ አዥጎደጎዱበት። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባለ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ ምርመራው መጣ፤ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ልቡን፣ ጥርሱን ሳይቀር አዩለት።

ሰፈሩ ግን አንዴ "ካፒቴን" ብሎታል፤ የሚመልሰው አልነበረም። ሱቅ ሲሄድ "ካፒቴን፣ አውሮፕላኗን የት አቆምካት?" ይሉታል። ለክፋት አይደለም፤ ስለሚወዱት ነው። እሱ ግን ተሳቀቀ። ቤት በሚቆይባቸው ሳምንታት ከማድቤት አይወጣም ነበር፤ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል።

"ዘይኔ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለኝ አንድ ቀን፣ በቢላዋ ጀርባ ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ እየገፋ።

"አንተ ምን አደረግህ? የማለው አባ ነው" አልኩት። እውነቴን ነበር። ግን ደግሞ ትንሽ ተናድጄበታለሁ፤ እሱም ያውቃል።

በመጨረሻ "አልፈሃል" ተባለ። አባቴ በግ አረደ። ማለፍ ማለት ግን መጀመር አልነበረም። አዲስ ክፍል እስኪከፈት ተራህን ጠብቅ አሉት። ለቃሚዎቹ ወጡ፤ ሙቀቱ መጣ፤ ወንዙ ደፈረሰ፤ ለቃሚዎቹ ደግመው ወረዱ። ጀማል ምሳውን ይበላል፣ "አልሃምዱሊላህ" ይላል፣ ይሄዳል። አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝምታው ነው ያደከመኝ።

ክፍሉ ተከፈተና ኢብራሂም አዲስ አበባ ገባ። ከእሱ የምንሰማው በአውቶቡስ ሾፌሮች ነበር። ለምሳ ሲቆሙ አንዱ መልእክት ያመጣል። "ስለ ደመናና ስለ ነፋስ እየተማረ ነው ብሏል።" አባቴ ተገረመ። "ደመና መማር ምን ያደርጋል? ይኸው እዚህ ካየነው ስንት ጊዜያችን" አለ። ቀጥሎ ስለ ሞተር ነው ተባለ። ቀጥሎ ስለ ካርታ። እያንዳንዱ ሾፌር መልእክቱን የሚጨርሰው "አብሽሩ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ብሎ ነው። ኢብራሂም ይበለው ሾፌሮቹ ይጨምሩት ዛሬም አላውቅም።

ሼህ ኑሩ አባቴን ለብቻው አስቀምጠው መክረውት ነበር። "ሁሴን፣ ለመሐላ ከፋራ አለው። አሥር ድሃ አብላና ልጅቷን አሳርፋት" አሉት። አባቴ እምቢ አለ። የመሐላ ነገር እሱ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ ሲነግድም ሲቆጣም ወላሂ የማይል ሰው ነበር። "ዕድሜ ልኬን ያላፈረስኩትን ለጥቂት ወር ብዬ ላፍርስ?" አለ። ክፋቱ እዚህ ላይ ነበር። አሥር ዓመት ቢባል ያን ቀን ያፈርሰው ነበር። ሁልጊዜ ጥቂት ወር ስለሆነ ግን ሁልጊዜ መጠበቁ የተሻለ መሰለው።

ከዚያ ጀማል ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "አቦ ዘይነባ፣ እኔ አልሰለቸሁም" አለኝ። "እናቴ ግን ሰልችታለች። ሌላ ልጅ አይታልኛለች። እስከ ዐረፋ አስታግሳታለሁ። ከዐረፋ በኋላ ግን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?"

"ጥቂት ወር ነው" ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ባቡሩ ሲሄድ ልሸኘው እንኳ አልወጣሁም፤ ድስት እሳት ላይ ነበረኝ።

ዐረፋ ሲቃረብ አንድ እንግዳ መጣ። በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ጥጡ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ሰውየው የአንዱ አብራሪ ናቸው። አውሮፕላናቸው ተበላሽቶ መለዋወጫው በባቡር እስኪመጣላቸው አዋሽ ሆቴል ይዘው ከረሙ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፊታቸውን ፀሐይ የላጠው፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ይወርዳሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ እኛ ጋ ፓስታ ያዛሉ። ሾፌሮቹ ግማሹ "ጓድ"፣ ግማሹ "ካፒቴን" ይሏቸው ነበር። አባቴ ማንነታቸውን የሰማ ቀን እጁን ታጥቦ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ከፊታቸው ተቀመጠ።

"የኔም ልጅ የእርስዎው ባልደረባ ነው" አላቸው። "ትንሿን አውሮፕላን ብቻውን አብርሯል። ካፒቴን ሊሆን ጥቂት ወር ነው የቀረው፣ አይደል?"

ሰውየው ፓስታቸውን ሹካቸው ላይ እየጠቀለሉ ቀና አሉ። የአባቴን ፊት አዩ። ጨዋ መሆናቸው ያስታውቃል፤ በሰው ቤት ተቀምጠው በሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ አልፈለጉም። "አዎ" ሊሉ እንደሆነ ከፊታቸው ገባኝ።

የውሃ ጆግ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ለእንግዳ የቤት ጉዳይ ማውጣት፣ ያውም አንዲት ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ፣ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያቺ "አዎ" ከወጣች ሌላ ዓመት ልትበላብኝ ነው።

"ጋሼ፣ አባቴን ደስ ይበለው ብለው አይንገሩን" አልኳቸው። "ወንድሜ ካፒቴን ካልሆነ ኒካዬ አይታሰርም። የሚጠብቀኝ ሰው ደግሞ ከዐረፋ ወዲያ አይጠብቀኝም። እውነቱን ይንገሩን።"

ሾፌሮቹ ማላመጥ አቆሙ። "ዘይነባ" አለኝ አባቴ። ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው።

ሰውየው ሹካቸውን አስቀመጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባቴን ተመለከቱ።

"አባት፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው። ብዙ ሰው እሱ የደረሰበት ሳይደርስ ይመለሳል" አሉ። "ግን ገና ነው። ከዚህ በኋላ በጨለማ ማብረር ይማራል። ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ ብቻ ማብረር ይማራል። ተፈትኖ ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ ትልቁን አውሮፕላን እንደ አዲስ ይጀምራል። እሱን ሲችል ከካፒቴኑ በስተቀኝ ያስቀምጡታል። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ልነግርዎ አልችልም። የበረራ ሰዓቱ መሙላት አለበት፤ ሞልቶም ቦታ መገኘት አለበት። በአሥር ዓመት ካፒቴን ከሆነ ቶሎ ሆነለት እላለሁ።"

"አሥር ዓመት" አለ አባቴ። ጥያቄ አልነበረም።

"እሺ፣ ያኔ ይጨርሳል?" አላቸው ደግሞ።

"አይጨርስም። እኔን ያዩኛል፣ ሸብቻለሁ። ዛሬም በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት እቆማለሁ። ፈታኝ መጥቶ እጄን ያያል። አንድ ቀን 'በቃህ' ካሉኝ በቃኝ ነው። የእኛ ሥራ አለቀ የሚባለው ስንተወው ነው።" ሹካቸውን መልሰው አንሥተው ጨመሩ። "እኔ ያገባሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ካፒቴን እስክሆን ብቆይ ኖሮ ሚስቴ ዛሬ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች።"

አባቴ ወንበሩን ገፋ። ተነሥቶ ከበርሜሉ ውሃ ቀዳ፣ ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ማድቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። አሥር ዓመት የሚለውን ስሰማ፣ ታምናላችሁ፣ ቀለለኝ። በሽታቸው ምን እንደሆነ ሲነገራቸው የሚቀላቸው ሰዎች አሉ፤ እንደዚያ ነበርኩ።

አባቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ ከሼህ ኑሩ ጋር ተመለሰ። ፊቱ በአንድ ከሰዓት ያረጀ መስሎ ታየኝ። "ነገ አሥር ሰው የሚያጠግብ ሩዝ ሥሪ" አለኝ።

በማግሥቱ ራሱ ጣቢያ ወርዶ ቀድመው ከደረሱት ጥጥ ለቃሚዎች አሥሩን ይዞ መጣ። የእርሻው መኪና ዘግይቶባቸው ስንቃቸው ያለቀ ሰዎች ነበሩ። ለማን ድግስ እንደሆነ ጠየቁ። "የመሐላ ነው" አላቸው አባቴ፤ እያንዳንዳቸውን ራሱ እጅ እያስታጠበ። በዚያ መሀል አብራሪው ከጣቢያ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በር ላይ ቆሙ። ድግሱን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

"እኔንም ይቁጠሩኝ" አሉ። "አውሮፕላን የሌለው አብራሪ ከድሃ አይሻልም።"

አባቴ ሳቀ። ከትናንት ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከለቃሚዎቹ መሀል አስቀመጣቸውና አብረው በሉ።

መሐላው ተፈታ። ግን ድሬዳዋ ያለ ሰው እንዴት ይስማ? የሴት አባት ወንድ ቤት ሄዶ "ልጄን ውሰዱልኝ" አይልም፤ ከሄደ ልጅቷን አርክሷታል ይባላል። ሌላ ሰው ልላክ ቢል "ሲያጉላሉን ኖረው አሁን ባል አጡ" ማለታቸው አይቀርም። አባቴ ይሄን ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከሼህ ኑሩ ጋር ባቡር ተሳፈረ። ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ወደ ሌላ በኩል ያይ ነበር። በሕይወቴ አባቴን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አሳዝኖኝ አያውቅም።

የሚመለሱበት ባቡር ሲገባ መሄድ ፈራሁ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ወደ ጣቢያው ሳይ አባቴ ሼሁን ደግፎ ሲወጣ ታየኝ። ከኋላቸው ማንም የለም። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ጀማል የአጎቱን ሻንጣ ተሸክሞ ብቅ አለ። አጎትየው እግራቸውን ስለሚያማቸው ቀስ እያሉ ነበር የሚመጡት።

ኒካው በዚያው ሳምንት ታሰረ። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ምንጣፍ አነጠፍን። ወንዶቹ ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ ጓዳ። ኢብራሂም ፈተና ስለነበረበት አልመጣም፤ አባቴ ከጎኑ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ክፍት ትቶ ነበር። ስለ ራሴ ግን እውነቱን ልናገር። ደስታ አልተሰማኝም። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሁት ቀን ሲመጣ የቀረልኝ ድካም ብቻ ነበር። የዱቄት ጆንያ ተደግፌ፣ ሼህ ኑሩ ዱዓ ሲጀምሩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አክስቴ ናት የቀሰቀሰችኝ። "ተነሺ ዘይኔ፣ ተጋብተሻል" አለችኝ። ሴቶቹ ዛሬም ሲያገኙኝ በዚያች ይስቁብኛል።

ደስታው በኋላ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ድሬዳዋ ቤት ይዘን ስንኖር። አብራሪውን ግን ደግሜ አላየኋቸውም። ከኒካው በፊት መለዋወጫቸው ደርሶ ሄደዋል። ስማቸውን እንኳ በወጉ አልጠየቅኋቸውም።

ኢብራሂም በመጨረሻ ካፒቴን ሆነ። ደርግ ወድቆ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ከዚያም ቆይቶ ነው የሆነው። ትከሻው ላይ የካፒቴን አራት መስመር ያለው ልብስ ለብሶ አዋሽ አባታችን ቤት ሲመጣ እኔም ከልጆቼ ጋር እዚያው ነበርኩ። ያስታጠበችው ትልቋ ልጄ ናት፤ ቁመቷ እኔን ደርሶ ነበር። የአባቴ ዓይን ደክሟል። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የትከሻውን መስመሮች በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ።

"ጨረስክ?" አለው።

"አልጨረስኩም አባ" አለ ኢብራሂም። "በሚመጣው ወር ፈተና አለብኝ።"

አባቴ እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ልጄ ወዳለችበት በአገጩ እያሳየ፣ "ከፋራዋ ባትኖር ይቺ ልጅ አልነበረችም" አለኝ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ አባቴም ጀማልም። ይሄን ሳስብ ማንንም አልወቅስም። አባቴ የማለው ወዶኝ ነው፣ ወንድሜን ወዶት ነው። ግን ያ የመጠበቅ ድካም ከሰውነቴ ሙሉ በሙሉ የወጣ አይመስለኝም። ከሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ሲነሣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። እኔ መቀመጫ ነው የምፈልገው።

ያን ዕለት ጎረቤቴ ስለ ልጇ አውርታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። "ኒካ የምትጠብቅ እህት አለችው?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። "የለችም። ወንዶች ብቻ ናቸው ያሉኝ" አለች።

"እንግዲያው ይቆይ" አልኳት። "ግድ የለም፣ ይቆይ።"